«ግድ የለም፣ ይሳካል»

በጥቅምት አንድ አጥንት ይላል ያገራችን ሰው። ቆላ የኖረ ሰው ይህን ሲሰማ የሆዳም ተረት ይመስለዋል። ጉና ተራራ ሥር ለምንኖር ለእኛ ግን ከሐኪም ትእዛዝ አያንስም። በጥቅምት ወር ቅዳሜ ጠዋት ደብረ ታቦር ላይ ጆሮው ደንዝዞ ሥጋ ቤት የገባ ሰው፣ ለብ ለብ የተደረገ ዱለት ሲቀርብለት፣ የሳምንቱን ተማሪና የሳምንቱን ስብሰባ ሁሉ ይቅር ይላል። እኔ የሂሳብ መምህር ነኝ፤ ይቅር የምለው ብዙ ነው።

ቅዳሜዬ ለብዙ ዓመት ሥርዓት ነበረው። ጠዋት ዱለት፤ ከዚያ በሚኒባስ ወደ ገሳይ፤ ከገሳይ በእግር ወደ ጉና አቅጣጫ ትንሽ ከፍ ብሎ የሰው ገብስ ማየት፤ ሲመለሱ አንዲት እናት ቤት ቅቅል ድንች በአዋዜ፤ ከዚያ ወደ ከተማ ወርዶ ከቀኑ በአስራ አንድ ሰዓት ኳስ። ገብሱ የእኛ አይደለም። ኳሱማ ጭራሽ ባሕር ማዶ ነው። ቢሆንም ከእነዚህ አንዱ ከተጓደለ እሑዴ ሳይቀር ይበላሽብኛል። ይህን ሁሉ የማደርገው ከአንድ ሰው ጋር ነው፤ ከልብስ ሰፊው ባልንጀራዬ ጋር።

የተዋወቅነው በጠብ ነው። ላገባ ስል ሙሉ ልብስ አሰፋሁት፤ የሱሪው አንድ እግር ከሌላው ሁለት ጣት ያህል አጠረ። ለሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሜ ስጮህበት፣ የስፌት መኪናውን ሳያቆም ቀና ብሎ አየኝና «ግድ የለም፣ ይሳካል» አለኝ። ተሳካም፤ ረጅሙን እግር አሳጠረው። በሠርጌ ፎቶ ላይ ሁለቱም ካልሲዎቼ እኩል ይታያሉ። ይኸው ከሃያ ዓመት በላይ ሆነን።

ቃሉ ናት። ዝናብ ሲዘገይ ይሳካል ይላል። መብራት ሲጠፋ ይሳካል ይላል። ልጄ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቆ ቤታችን ለቅሶ ቤት በመሰለ ጊዜ፣ አንድ ኪሎ ስኳር ይዞ መጣ፣ ይሳካል ብሎ ሻይውን ጠጥቶ ሄደ። እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ ክፉውን አስቀድሜ የማሰላ ሰው ነኝ። ይህቺ ቃል አንዳንዴ ታጽናናኛለች፤ ብዙውን ጊዜ ግን ታበግነኛለች።

ኳስ የምናይበት ቤት ዱሮ የእህል መጋዘን ነበር። አሁን ፊት ለፊት ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሎበታል፤ ወለሉ ላይ አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። የእኛ ቦታ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ምሰሶው አጠገብ ነው። ማንም አይቀመጥበትም፤ ወጣቶቹ «የአባቶች መንበር» እያሉ ይቀልዱብናል። ሁለታችንም የምንደግፈው አንድ ቡድን ነው፤ ዱሮ ኃይለኛ የነበረ፣ አሁን ደጋፊውን በደም ግፊት የሚጨርስ። ስሙን አልጠራም፤ የሚደግፈው ሰው ያውቀዋል፣ እግዜር ያጽናው።

ነገሩ የተበላሸበት ቅዳሜ ከጠዋቱ ጀምሮ አላማረኝም ነበር። ሥጋ ቤት ስንደርስ ዱለቱ አልቋል። ከገሳይ ስንመለስ የሚኒባሱ ጎማ ፈነዳና መንገድ ዳር አንድ ሰዓት ነፋስ ጠጣን። ባልንጀራዬ ሁለቱንም ጊዜ ያቺኑ ቃሉን አለ። ኳስ ቤት ስንገባ ጨዋታው ተጀምሮ ሁለት ለባዶ እየተመራን ነው። ከእረፍት በኋላ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘን፤ ቤቱ በሙሉ ተነሥቶ ቆመ። ባልንጀራዬ ጉልበቴን መታ አደረገና «ግድ የለም፣ ይሳካል» አለኝ። ኳሱ ከግቡ በላይ አልፎ ተመልካቹ መሐል ገባ። ከኋላችን አንዱ ሳቀ። እኔ ወደ ባልንጀራዬ ዞርኩና ቤቱ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ «ልጅህንም ይሳካል ብለህ ነው የሰደድካት» አልኩት።

የመጀመሪያ ልጁ ዓረብ አገር አራት ዓመት ሠርታ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ነው የተመለሰችው። አንድ ሻንጣ ይዛ ሄዳ ያንኑ ሻንጣ ይዛ መጣች። ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ እሱ ፊት ግን ማንም አንሥቶት አያውቅም። እኔ አነሣሁት፤ ያውም በሰው መሐል።

 ባርኔጣውን ከጉልበቱ ላይ አነሣ፤ የሌለበትን አቧራ አራገፈ። ከዚያ በተቀመጡት ሰዎች እግር መሐል «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ እየተሹለከለከ ወጣ። ይቅርታ ማለት የነበረብኝ እኔ ተቀምጬ ቀረሁ። ጨዋታው ስንት ለስንት እንዳለቀ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዓይኔ ቴሌቪዥኑ ላይ ነበር፤ የታየኝ ግን ጎኔ ያለው ባዶ ቦታ ነው።

ለባለቤቴ መንገር አላስፈለገኝም፤ እኛ ከተማ ወሬ ከሚኒባስ ይፈጥናል። አልተቆጣችኝም። እንጀራውን አቅርባ ከተቀመጠች በኋላ «የነገ ሳምንት እሑድ የሰንበቴው ተራ የኛ መሆኑን ታስታውሳለህ?» ብቻ አለችኝ። ረስቼው ነበር።

ሰንበቴያችን ሃያ አራት ሰው ነው። በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ባለተራው ዳቦና ጠላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሰንበቴ ቤት ያመጣል፤ ቄሱ ይባርካሉ፤ በደጅ ላሉት ችግረኞች ይሰጣል፤ እኛም እንቃመሳለን። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሙሴው፣ ማለት የማኅበሩ አለቃ፣ ይነሡና አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ እርስ በርሱ የተቀያየመ ሰው አለ ወይ? ካለ ሳይታረቅ ዳቦው አይቆረስም። የተጣሉ ሰዎች ከአንድ ጽዋ አይጠጡም። አልታረቅም ካሉ አንደኛቸው ከማኅበሩ ይወጣል። ባልንጀራዬ ከመሥራቾቹ አንዱ ነው። ደግሞም ተከራክሮ ቦታውን የሚያስከብር ሰው አይደለም፤ ከኳስ ቤቱ እንደወጣው ዝም ብሎ ይወጣል። ይህን ሳስብ እንጀራውን ገፋ አድርጌ ተነሣሁ።

ጤነኛ ሰው ቢሆን በማግስቱ ሄዶ እግሩ ላይ ይወድቃል። እኔ ግን ኩሩ ነኝ፤ በማግስቱ እሑድ አመመኝ ብዬ ከሰንበቴው ቀረሁ፤ በኩራቱ ላይ ደግሞ ሂሳብ ጨመርኩበት። ተራዬን ከሌላ ሰው ጋር ብለዋወጥ እንዲሁ እየቀረሁ ሁለት ሦስት ሳምንት አገኛለሁ፤ እስከዚያ ነገሩ ይበርዳል፤ ከበረደ ደግሞ ይረሳል። ማክሰኞ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ወደ ሙሴው ቤት ሄድኩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያረሱ፣ አሁን ከልጃቸው ጋር ከተማ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የባቄላ እሸት ይፈለፍላሉ። እኔንም አስቀመጡኝና አንድ እቅፍ እሸት ፊቴ አደረጉልኝ።

ተራዬን ከሌላ ሰው ጋር ቢለዋውጡልኝ ብዬ ለመንኳቸው፤ ምክንያቱን ሲጠይቁኝ ጠላው አልደረሰም አልኳቸው። ሁለት ሦስት ፍሬ ፈለፈሉና «ጠላው ነው ያልደረሰው፣ ወይስ አንተ?» አሉኝ።

እሸቱን አንሥቼ መፈልፈል ያዝኩ።

«ጠላ ጊዜ ከሰጡት ይደርሳል፤ ቂም ጊዜ ከሰጡት ይኮመጥጣል» አሉ። «ተራህ ተራህ ነው። በል እሸትህን ብላ።» ስሄድ ኪሴን በእሸት ሞሉልኝ፤ እንደ ልጅ ተገሥጬ ወጣሁ።

ከትምህርት ቤት ወደ ቤቴ በባልንጀራዬ ሱቅ በኩል አሥር ደቂቃ ነው። በዚያ ሳምንት በላይኛው መንገድ ዞሬ በሃያ አምስት ደቂቃ ገባሁ። ተማሪዎቼም ሳያውቁት ዕዳዬን ከፈሉልኝ፤ ሐሙስ ዕለት ያልተነገረ ፈተና ሰጠኋቸው።

ቅዳሜ ደረሰ። ሥርዓቴን አላፈርስም ብዬ ብቻዬን ወጣሁ። ሥጋ ቤት አስተናጋጁ ልማድ ሆኖበት የሁለት ሰው ትሪ አመጣልኝ፤ ግማሹን ትቼ ተነሣሁ። ገሳይ ወርጄ በዚያው በለመድነው መንገድ ወደ ላይ ወጣሁ። ገብሱ መንጣት ጀምሯል። አንደኛው ማሳ ጥጉ ላይ ደብዝዟል። «ይህንንስ ውርጭ መትቶታል» አልኩ ጮክ ብዬ። የሚቃወመኝ አጣሁ። ያቺ ቃል ስትቀር ምን ያህል ጸጥታ እንደሚሆን ያኔ ገባኝ።

ድንች የሚሸጡልን እናት ገና በር ላይ ሳለሁ ከኋላዬ ሰው ፈለጉ። «ያ ጨዋታ አዋቂው ጓደኛዎት ምነው? አመማቸው እንዴ?» አሉኝ። ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ ዋሸሁ። ድንቹ ያው የወትሮው ድንች ነው፤ አዋዜውም ያው ነው። አንዱን ልጬ ሁለተኛውን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ከተማ ገብቼ ከመናኸሪያው ስወጣ የባልንጀራዬ ልጅ በሩ አጠገብ ቁጭ ብላ ችብስ ትጠብሳለች። ሥራውን ከጀመረች ወር አይሞላትም። በሰው ተከልዬ ላልፍ ስል አየችኝ። «ጋሼ፣ ደኅና ዋሉ? ይቀመጡ እንጂ» አለችኝና የተቀመጠችበትን ዱካ ለቀቀችልኝ። በልቻለሁ ብላት አልሰማችኝም፤ በወረቀት ሞልታ፣ ሚጥሚጣ ነስንሳ ሰጠችኝ። ትኩሱን ድንች በእጄ ይዤ ተቀመጥኩ። መብላትም ማስቀመጥም አቃተኝ።

ያልኩትን ሰምታ እንደሆነ ጠየቅኳት። ሰምታለች፤ ከአንድ ሰው አይደለም፣ ከብዙ ሰው። ይቅር በይኝ አልኳት። እሷን ያስከፋት ብዙም እንዳልሆነ፣ ከዚህ የከፋ ለምዳ እንደመጣች ነገረችኝ። ዘይቱ ውስጥ ያለውን እያገላበጠች ቆየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ግን ጋሼ፣ እሱ አልሰደደኝም። እንዳልሄድ ብሎ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ ማልቀስ ስጀምር ነው በመስኮቱ እጁን አስገብቶ ግድ የለም፣ ይሳካል ያለኝ። ሌላ ምን ይበለኝ? እኔ እዚያ ሲከፋኝ ለራሴ የምላት እሷን ነበር።»

 «አሁንስ ምን ይላል?» አልኳት።

«አሁንማ አይላትም። ትናንት የስፌት መኪናው ቀበቶ ተበጠሰ። ዝም ብሎ ተቀምጦ ሲያየው ነው የዋለው።»

ነገ ሰንበቴ ይመጣ እንደሆነ ጠየቅኳት። እንጃ፣ አልነገረኝም አለችኝ።

ሃያ ምናምን ዓመት ሰሌዳ ላይ ተሳስቼ አጥፍቼ ጽፌአለሁ። ይህኛው ግን በዳስተር የሚጠፋ አይደለም። እኔ አንድን ሰው ያስቀየምኩ መስሎኝ ስኩራራ፣ ለካ ያጠፋሁት ለልጁ ባሕር ማዶ ድረስ ስንቅ የሆነችውን ቃል ነው። አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ኳስ ቤቱን ትቼ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩ፤ ተዘግቷል። ቤቱ ሄጄ አንኳኳሁ፤ ሚስቱ ወጥተው የት እንደሄደ አላውቅም አሉኝ። ያሉት እውነት ይሁን አይሁን አልመረመርኩም።

እሑድ ቅዳሴ እንዳበቃ ባለቤቴና ጎረቤቶቿ ዳቦውንና ጠላውን ይዘው መጡ። ጠላው ደርሷል፤ ደኅና አድርጎ ደርሷል። ሰንበቴ ቤት ገብተን በየቦታችን ተቀመጥን። የሂሳብ ሰው ነኝና ቆጠርኩ፤ ሃያ ሦስት። እንደገና ቆጠርኩ፤ ሃያ ሦስት። የባልንጀራዬ ቦታ ባዶ ነው። በቃ ወጣ ማለት ነው አልኩ በልቤ። ቄሱ አቡነ ዘበሰማያት አድርሰው ሲጨርሱ ሙሴው ተነሡ።

«እርስ በርሱ የተቀያየመ አለ?» አሉ፤ እንደ ሁልጊዜው።

ሁልጊዜ ከዚህ ጥያቄ በኋላ ዝምታ ይሆንና ዳቦው ይቆረሳል። ያን ቀን ግን ተነሣሁ። እኔ አለሁ፣ ነገር ግን የበደልኩት ሰው ዛሬ አልመጣም አልኩ። ሙሴው በበትራቸው ወደ በሩ አመለከቱ። «ከሁላችሁም ቀድሞ መጥቷል» አሉኝ። «ሕጉን ስለሚያውቅ ነው ያልገባው።»

ከደጅ፣ ጽዱ ሥር፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሟል። እኔ ውስጥ ያለውን ስቆጥር እሱ እዚያ ብርድ ላይ ነበር። የተጣላ ሰው ሳይታረቅ አይገባም ይላል ደንቡ፤ ደንቡን ሲያወጡት እሱ ነበረበት። በዳዩ ገብቼ ቦታዬን ይዣለሁ፤ ተበዳዩ ውጭ ቆሟል። ወጣሁ። ሰዉም ተከትሎኝ በሩ ላይ ተሰበሰበ።

መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ሁሉም ጠፋኝ። «ስለ ልጅህ የተናገርኩት ሐሰት ነው» አልኩት። «ሳላውቅ ነው የተናገርኩት። ባውቅ ኖሮ ባልተናገርኩ ነበር ብዬ ግን አልምልልህም፤ ተናድጄ ነበርና። በሰው ፊት አዋርጄሃለሁ፤ በሰው ፊት ይቅር በለኝ።»

 ባርኔጣውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወረ። «አንተ ዕድሜ ልክህን እንደቸኮልክ ነው» አለኝ በመጨረሻ። «ያን ሱሪም አንድ ቀን ሳትታገሠኝ ነው የጮህክብኝ።» ከዚያ ትከሻዬን ያዘና «እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አለ። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። ከጀርባዬ ባለቤቴ በረጅሙ ስትተነፍስ ሰማኋት። ሙሴው እኔ ላይ ለቤተ ክርስቲያኑ ጧፍ ፈረዱብኝ፤ እሱም ላይ ሳምንት ሙሉ ቂሙን በሆዱ ይዞ በመሰንበቱ የኔን ግማሽ ፈረዱበት። ዳቦው ተቆረሰ። ጽዋው እኔጋ ሲደርስ ተጎንጭቼ ለእሱ አቀበልኩት፤ ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያዬን እህል ደስ ብሎኝ በላሁ።

ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። በተከታዩ ቅዳሜ ዱለቱን በላን፤ ገሳይ ሄድን፤ ድንች ሻጯ እናት «ሥራው ቀለለዎት?» ሲሉት እሱ እኔን ገረፍ አድርጎ አየኝና ቀለለኝ አላቸው። ሳቀ፣ ተጫወተ፣ አዋዜውን አጋመሰ። ከገብሱ ማሳ ዳር ስንቆም ግን ሆን ብዬ «ይህንን ውርጭ መትቶታል» አልኩ። ራሱን ነቀነቀና ዝም አለ። በመንገድ ሚኒባሱ ሁለት ጊዜ ቆመ፤ አሁንም ዝም አለ። ፈራሁ። እኔን ይቅር ብሎኛል፤ ቃሏ ግን ሞታለች ብዬ ፈራሁ። ሰው ይቅር ሲል ሁሉን ይመልሳል ያለ የለም።

ኳስ ቤት ገብተን ምሰሶው አጠገብ ተቀመጥን። ወጣቶቹ መንበሩ ሞላ ብለው አጨበጨቡልን። ቡድናችን እንደ ልማዱ አንድ ለባዶ ይመራል፤ ማለት ሌላው ይመራዋል። ሰባ ደቂቃ አለፈ። ሰማንያ ሆነ። ከሁሉ ደህና የምንለው ተጫዋቻችን እግሩን ይዞ ወደቀና በቃሬዛ ወጣ። እኔ ቴሌቪዥኑን አላየሁም። የባልንጀራዬን እጅ ነበር የማየው።

እጁ ከባርኔጣው ላይ ተነሣ። ጉልበቴን መታ አደረገኝ። «ግድ የለም» አለ፤ ትንሽ ቆየና ደግሞ «ይሳካል» አለ።

ከኋላችን አንዱ ሳቀ። ወዲያው ሁለተኛው ግብ ገባብን፤ ከዚያ ሦስተኛው። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ ተሸንፌ አላውቅም።